ኤሴንጉል ለምን ይጠይቃል?

ሳግንባይ ዕድሜ ልኩን ሲያነብ ኖሮ፣ አንድም ነገር አንብቦ የሚያውቅ አይመስለውም ነበር። በፍሩንዜ ከተማ ጋዜጣ ላይ አራሚ ነው። ሥራው ጽሑፉ ወደ ማተሚያው ከመሄዱ በፊት የተገደፈ ፊደልና ያለቦታው የገባ ነጥብ መልቀም ነው። ስለ ጥጥ ምርትም ይጻፍ ስለ ጠፈር በረራ፣ ለእሱ ያው ነው፤ ምስር እንደምትለቅም ሴት ዓይኑ የሚፈልገው ጠጠሩን ብቻ ነው። ቤቱ ገብቶ ልቦለድ ሲከፍት እንኳ እጁ እርሳስ ይፈልጋል። ባለቤቱ ቡሩል "አንተ መጽሐፍ አታነብም፣ ትፈትሸዋለህ እንጂ" ትለው ነበር።

ስለዚህ ሐኪሙ "ሳንባህ ደክሟል" ብሎ በኢሲክ ኩል ሐይቅ ዳር ባለ ማገገሚያ አንድ ወር እንዲያርፍ ሲጽፍለት፣ ሳግንባይ በሽታውን ረስቶ ደስ አለው። ቀን ቀን ለራሱ ሊያነብ፣ ማታ ማታ ደግሞ በማገገሚያው አዳራሽ የሚታየውን ፊልም ሁሉ ሊያይ ነው። እርሳስ አይዝም። ቡሩል ሻንጣውን ስታዘጋጅ፣ እሱ ከሹራቡና ከመድኃኒቱ ይልቅ ለመጻሕፍቱ ነበር የሚጨነቀው።

ከመጻሕፍቱ አብዛኞቹ የትም የሚገኙ ልቦለዶች ናቸው። አንዱ ግን እንደነሱ አልነበረም። ደራሲው ከበላይ ሰዎች ጋር ተጣልቶ፣ መጽሐፉ ከየቤተ መጻሕፍቱ ተለቅሞ ጠፍቷል። ሳግንባይ ከአንድ የሥራ ባልደረባው በውሰት አገኘውና፣ ሽፋኑን ገንጥሎ የንብ እርባታ መመሪያ ሽፋን አለበሰው። ቡሩል ይህን አየች። ሻንጣው አልዘጋ ሲል ላዩ ላይ ተቀምጣ ቆለፈችውና "አባትህን አስብ" አለችው።

አባቱን ያላሰበበት ቀን የለም። ሳግንባይ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ፣ ከዓለም ጦርነቱ በፊት፣ ናሪን አካባቢ ወዳለው ቤታቸው አንድ እንግዳ መጣ። ደግ ሰው ነበር። ለልጁ ስኳር ሰጠ፣ የባዝራ ወተት ጠጣ፣ የእናቱን እጅ አመሰገነ። ከዚያ አባቱን "ምን እያነበብክ ነው?" አለው። አባቱ በታገደው በድሮው ፊደል የተጻፈ የግጥም መጽሐፍ አውጥቶ አሳየው፤ ደስ ስላለውም ጮክ ብሎ አነበበለት። በሳምንቱ ሰዎች መጥተው አባቱን ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ።

ማገገሚያው ውስጥ ሳግንባይ የደረሰው ክፍል ሁለት አልጋ ያለው ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ አንድ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ይዞታል። ኤሴንጉል እባላለሁ አለ፤ ከታላስ ነው፣ የመስኖ ቦይ ኃላፊ፣ ወገቡን ለመታሸት የመጣ። ሰውየው ሚስቱ እንደሞተችበት፣ አንዲት ልጅ እንዳለችው፣ የማገገሚያው ገንፎ ከሲሚንቶ እንደማይሻል ሳይጠየቅ ተናገረ። ሳግንባይ ዕቃውን እያወጣ ያዳምጠው ነበር፤ ስለ ራሱ ስሙን፣ ሥራውንና ፍሩንዜ ፎቅ ቤት እንደሚኖር ብቻ ነገረው። በንብ እርባታ ሽፋን የተለበጠውን መጽሐፍ ይዞ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ኤሴንጉል ዞር አለና፣

"ምን እያነበብክ ነው?" አለው።

ሳግንባይ ሽፋኑን አዙሮ አሳየው። "ስለ ንብ ነው" አለ።

"ንብ አለህ እንዴ?"

"የለኝም። ለወደፊቱ አስቤ ነው።"

"ፎቅ ቤት ላይ?"

"ባለቤቴ ገጠር ዘመዶች አሏት" አለ ሳግንባይ።

ኤሴንጉል "ጥሩ ነው፣ ማር ለሳንባ ይሆናል" ብሎ ተወው። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ቀፎው፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ዋጋው ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን ምንም አልጠየቀም። ይህ ዝምታው ሳግንባይን ከጥያቄው ይልቅ አስፈራው። በማግስቱ የንቡን መጽሐፍ ሻንጣው ሥር ቀብሮ ከማገገሚያው ቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን ልቦለድ ያዘ።

ያም አላዳነው። ከእራት በፊት ኤሴንጉል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያሸ "ዛሬ ሰዎቹ ምን ሆኑ?" ይላል። ሰዎቹ የሚላቸው የልቦለዱን ሰዎች ነው። ሳግንባይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሊያበቃ ይሞክራል። ኤሴንጉል ግን "እሺ፣ ከዚያስ? ልጅቷስ ምን አለች? አንተ ትክክል ናት ትላለህ?" ይላል። ትክክል ናት ትላለህ የሚለው ነገር ሳግንባይን ዕረፍት ነሳው። መጽሐፉ ውስጥ የተጻፈው የደራሲው ነው፤ ትክክል ናት ያለው ግን ተናጋሪው ነው። ደግሞም ይህ ሁሉ ስለ መጽሐፍ የሚጠይቅ ሰው ራሱ አንድም መጽሐፍ ሲገልጥ ታይቶ አያውቅም። በአልጋው ራስጌ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ እንኳ አይቀመጥባትም።

ፊልሙም እንደዚያው ሆነ። ማታ ማታ በሽተኛው ሁሉ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ አዳራሽ ይገባል፤ የፊልሙ ጥቅል በተበጠሰ ቁጥር ወንዶቹ ያፏጫሉ። ኤሴንጉል ሁልጊዜ ለሳግንባይ ወንበር ይዞ ይጠብቀዋል። አንድ ምሽት የህንድ ፊልም መጣ። እናትና ልጅ በሕፃንነቱ ተለያይተው፣ ልጁ አድጎ ዳኛ ሆኖ እናቱን ሳያውቅ ይፈርድባታል። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ፤ የማገገሚያው ወጥ ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ በሩ ላይ ቆመው ይነፋረቁ ነበር። ኤሴንጉል ትልቅ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ሸፈነ። ሳግንባይ የሰውየውን መሐረብ ነበር የሚያየው። እንባ አለበት ወይስ የለበትም? ይህን ሲከታተል እናትና ልጁ እንዴት እንደታረቁ አመለጠው። ሲወጡ ኤሴንጉል በረጠበ ድምፅ "አንተ ዳኛው ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" ብሎ ጠየቀው። ሳግንባይ ራሴን አሞኛል ብሎ ቀድሞት ሄደ።

ሌላም ነገር ነበር። ኤሴንጉል ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ ወደ አስተዳደሩ ቤት ሄዶ ስልክ ይደውላል። አንድ ቀን ሳግንባይ ቴምብር የሚፈልግ መስሎ ተከተለው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ኤሴንጉል አፉን ወደ ስልኩ አስጠግቶ፣ "አዎ፣ ትናንትም ነገረኝ... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ... እንዳትረሺው ጻፊው" ሲል ሰማው።

ሳግንባይ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደ። ሰው ላይ የሚጽፉት ወንዶች ብቻ እንዳልሆኑ አሰበ። የአባቱንም ጉዳይ የሆነች ሴት በንጹሕ ወረቀት ገልብጣው ይሆናል።

ከዚያ ቀን ወዲያ እውነተኛ መጽሐፍ አላወራለትም። ፈጥሮ ይነግረው ጀመር። ማንም ሊከስሰው የማይችል ታሪክ አሰበ፦ በአንድ ወንዝ ላይ ሰውና ከብት በታንኳ የሚያሻግር ሰው አለ፤ አሻጋሪው ብቻውን የሚኖር፣ ከግመሎች ጋር የሚጣላ ሽማግሌ ነው። አንዲት ሴት በየጠዋቱ መጥታ ትሻገራለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ ለምን እንደምትሻገር ግን አትናገርም። ሳግንባይ እዚህ ላይ ሊጨርሰው ነበር ያሰበው። ኤሴንጉል ግን እግሩን ማሸቱን ትቶ አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። "ሴትዮዋስ?" አለ። ሳግንባይ ነገ አነባለሁ አለው።

በነጋው ነገ የሚባለው ነገር ደረሰ። ሳግንባይ ልቦለዱን ደረቱ ላይ ከፍቶ ጣሪያ ጣሪያ እያየ የአሻጋሪውን ነገር ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ። በተከታዩም ቀን እንዲሁ። ግመሉ ታንኳው ላይ አልወጣም ብሎ እንዴት እንዳስቸገረ ነገረው፤ ኤሴንጉል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወንዙ ሞልቶ ሴትዮዋ ማዶ እንደቀረች ሲነግረው ደግሞ እራት መብላት አቃተው። ሳግንባይ ሲያሰላው፣ ወሩ እየተገባደደ ነው፤ ይዞ ከመጣቸው መጻሕፍት አንዱንም ግማሽ አላደረሰም። ለራሱ የተሰጠውን ጊዜ ሰውየውን በመፈተሽ ጨረሰው። ይህ አናደደው። ንዴቱም በኤሴንጉል ላይ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ኤሴንጉልን በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ከአንድ ባለ ግራጫ ባርኔጣ ሰው ጋር ቆሞ አየው። ባለ ባርኔጣው የማገገሚያውን ፊልምና መጽሐፍ የሚያስመጣው የባህል ኃላፊ ነው። ኤሴንጉል እጁን ዘርግቶ ወደ ክፍላቸው መስኮት ጠቆመ። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀና ገባ።

ሳግንባይ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም። በግልጽ ሊጠይቀው አልደፈረም፤ ግን ሊፈትነው ወሰነ።

ከምሳ በኋላ ሁሉም በግድ የሚጋደምበት የዕረፍት ሰዓት ነበር። ዝናብ ይዘንባል፣ ኮሪደሩ ጸጥ ብሏል። ኤሴንጉል እንደልማዱ "አሻጋሪው እንዴት ዋለ?" አለ። ሳግንባይ ወደሱ ዞሮ ተኝቶ፣ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል መናገር ጀመረ። አሻጋሪው ድሮ ብቻውን አልነበረም አለ። ወንድም ነበረው፤ መጽሐፍ የሚወድ ወንድም። አንድ ቀን አንድ ደግ እንግዳ ወደ ቤታቸው መጣ። ለልጆቹ ስኳር ሰጠ። ከዚያ ወንድምየውን "ምን እያነበብክ ነው?" ብሎ ጠየቀው። በሳምንቱ ሰዎች መጡ።

ኤሴንጉል ተነሥቶ ተቀመጠ። እግሩን ወለሉ ላይ አደረገ። ጫማውን እያየ፣

"እንግዳው ልጆች ነበሩት?" አለ።

ሳግንባይ ይህን አልጠበቀም። "መጽሐፉ እሱን አይናገርም" አለ።

"መጽሐፍ የለም፣ ሳግንባይ።"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"የለም። ከቤተ መጻሕፍቷ ሴት ጠየቅሁ፣ የለንም አለች። ባለ ባርኔጣውን ያዝኩት፤ አብሮኝ የሚያርፈው ሰው ስለ አሻጋሪ የሚናገር መጽሐፍ ያነባል፣ ከየትም ብለህ አስመጣልኝና ልግዛው አልኩት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አልተጻፈም አለኝ። አንተ ነህ የምትፈጥረው።" ድምፁ አልተለወጠም። "መጀመሪያ ላይ አልገባኝም። ሰው ስለ መጽሐፍ ለምን ይዋሻል? በኋላ ግን ገባኝ። ስለ መጽሐፍ የሚዋሽ ሰው የፈራ ሰው ነው። እንደዚህ ሲፈሩ ደግሞ አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ እኛን ሲፈራ ነው ያደግሁት።"

ሳግንባይ ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ።

"አባቴ እንደዚያ እንግዳህ ነበር" አለ ኤሴንጉል። "ሰው ቤት ይገባል፣ ይበላል፣ ይጠይቃል። ማታ መጻሕፍት ይዞ ይመጣል። እኔ ማንበብ የተማርኩት በነዚያ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁልጊዜ የሰው ስም ነበረበት። ስሞቹን አውቃቸው ነበር፤ ልጆቻቸው ከኔ ጋር ይማራሉ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ስይዝ መጀመሪያ የማየው የማን እንደሆነ ነው። ስለዚህ ተውኩት።"

"ናሪን መጥተው ያውቃሉ? አባትዎ?" የሳግንባይ ድምፅ ለራሱ እንኳ እንግዳ ሆነበት።

"አያውቅም። ታላስን ለቆ አያውቅም።" ኤሴንጉል ቀና ብሎ አየው። "ናሪን ነው የናንተ?"

ሳግንባይ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"በሰፈራችን እስከ ዛሬ እኔ ስጠይቅ ሰው ይቆጠባል" አለ ኤሴንጉል። "ማን ሞተ ብዬ ብጠይቅ እንኳ ዙሪያቸውን አይተው ነው የሚነግሩኝ። እዚህ ማንም አያውቀኝም ብዬ አንድ ሰው ልጠይቅ አሰብኩ። ሌላው ሰው እንደሚጠይቀው። አልጋህ ላይ መጽሐፍ ይዘህ ሳይህ ደስ አለኝ።"

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ሳግንባይ ውስጡ ሁለት ነገር ይጓተት ነበር። አንዱ ሰውየው እውነቱን ነው ይላል። ሌላው፣ ታዲያ ከዚህ የተሻለ ምን ሊል ይችል ነበር? ጎበዝ የሆነ ጆሮ ጠቢ እንዲህ አይደል የሚናገረው? ይላል።

"በስልክ የሚነግሯት ማን ናት?" አለ በመጨረሻ።

ኤሴንጉል ግራ ገብቶት አየው፤ ከዚያ ሳግንባይ እንደተከተለው ሲገባው ፊቱ ደም መሰለ። "ልጄ ናት" አለ። "ሆስፒታል ተኝታለች። እስክትወልድ አትነሺ ብለዋታል። መጀመሪያ የልቦለዱን፣ አሁን የአሻጋሪውን ነገር እነግራታለሁ። ካልነገርኳት ትቆጣለች።"

ሳግንባይ ይቅርታ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ካፖርቱን ደርቦ በዝናቡ ወጣ፤ ተመልሶ ሲመጣ ኤሴንጉል ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ ገንፎውና ስለ አየሩ ብቻ ሆነ። በፊልሙም ኤሴንጉል ወንበር አልያዘለትም። ሳግንባይ ከኋላ ተቀምጦ አንድ የጦርነት ፊልም ከዳር እስከ ዳር አየ፣ ማንም ምንም አልጠየቀውም፤ ሲወጣ ግን የፊልሙ ነገር ከአእምሮው ጠፍቷል።

ወሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ በዚያው በዕረፍት ሰዓት፣ ሳግንባይ ሻንጣውን ከፍቶ የንቡን መጽሐፍ አወጣ። የክፍሉን በር ዘጋ። ወንበሩን ወደ ኤሴንጉል አልጋ አስጠግቶ ተቀመጠና፣

"ላንብብልህ?" አለው። እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ነበር የሚለው።

ኤሴንጉል ሽፋኑን አየ። "ስለ ንብ?"

"ስለ ንብ።"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማንበብ ጀመረ። ከጥቂት ገጽ በኋላ ኤሴንጉል ዓይኑን ጨፍኖ "እነዚህ ንቦች ብዙ ያወራሉ" አለ፤ ሳግንባይም ሳያስበው ሳቀ። በየቀኑ አነበበለት። ለራሱም ቢሆን አንድ መጽሐፍ ስሕተት ሳይፈልግ ሲያነብ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ጮክ ተብሎ ለሌላ ሰው ሲነበብ ለካ ፊደሉ አይታይም። ኤሴንጉል ግን ወሬው ከአሻጋሪው አይበልጥም ብሎ ያጣጥል ነበር።

መጽሐፉ መሐል ላይ ሰው የሚያሳስር አንድ ገጽ አለ። ሳግንባይ እዚያ ሲደርስ ኮሪደሩ ላይ የነርስ ጫማ ተሰማ። ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገልጦ ቀጠለ። ኤሴንጉል ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር።

ቀድሞ የሚሄደው ኤሴንጉል ነበር። አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቶ ሳለ እጁን ጨበጠው። "አንድ ቦታ ላይ ዘለህ ነበር" አለ። "ምን እንደነበር አልጠይቅህም።" ወጣና መስኮት አጠገብ ተቀመጠ፤ አውቶቡሱ እስኪሄድ ድረስም ወደፊት ብቻ ተመለከተ።

ክረምቱን ሳግንባይ ፎቁ ላይ የሚወጣ እግር በሰማ ቁጥር ማንኪያውን ያስቀምጥ ነበር። ቡሩል አየችው፤ ጠየቀችው፤ ነገራት። እሷም እንደሱ ፈራች። "ስምህን ያውቃል፣ የምትሠራበትን ያውቃል፣ መጽሐፉን ሰምቷል" አለችው። "ሰውየው ጥሩ ሰው ነው ትላለህ፤ አባትህም እንደዚያ ብሎ ነበር።" ይህን ካለች በኋላ ለጥቂት ቀን አልተነጋገሩም። መጽሐፉን ግን አላቃጠለችውም፤ ማቃጠል እየቻለች በዱቄት ከረጢት ውስጥ ደበቀችው። ማንም አልመጣም። በረዶው ቀለጠ፣ ተራራው ላይ ያለው መንገድ ተከፈተ፤ አሁንም ማንም አልመጣም።

በጸደይ ወራት ሳግንባይ መጽሐፉን ከዱቄቱ አራግፎ በካፖርቱ ውስጥ አደረገና ወደ ታላስ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዘ። ቡሩል አልከለከለችውም፤ ከማገገሚያው መዝገብ ያየውን የሰውየውን አድራሻ ግን በወረቀት ጻፍልኝ አለችው፤ ካልተመለስክ የት እንደምፈልግህ ልወቅ ብላ።

የኤሴንጉልን በር የከፈተችው ሕፃን ያቀፈች ወጣት ሴት ነበረች። በሩን በእግሯ ያዘችው። "ማነህ? ከአባቴ ምን ትፈልጋለህ?" አለችው፤ ዓይኖቿ ካፖርቱን፣ እጁን፣ ከኋላው ያለውን መንገድ ይፈትሹ ነበር። ሳግንባይ ስሙንና ሥራውን ሊነግራት አፉን ከፈተ፣ ግን ይህ ለዚህች ሴት ምንም እንደማይላት ተረዳ።

"የአሻጋሪውን ታሪክ የምነግረው እኔ ነኝ" አለ።

እግሯን ከበሩ አነሣች። "ታዲያ ሴትዮዋ ለምን ነበር የምትሻገረው?"

"እሱን እኔም አላውቅም" አለ ሳግንባይ። "ቤት ውስጥ ካስገባሽኝ ግን አስብበታለሁ።"

ኤሴንጉል ከቦዩ ሲመለስ ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ሳግንባይን ማዕዱ ላይ ተቀምጦ፣ ዳቦና ክሬም ቀርቦለት ሲያየው በሩ ላይ ቆመ። ሴት ልጁን፣ ከዚያ እንግዳውን፣ እንደገና ሴት ልጁን አየ። ምን ሆኖ ይሆን ብሎ እንደፈራ ያስታውቅ ነበር። ሳግንባይ መጽሐፉን አወጣ።

"የዘለልኳትን ላነብልህ ነው" አለ።

ኤሴንጉል ጭቃ ጫማውን ሳያወልቅ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ሳግንባይ በሙሉ ድምፁ አነበበ። አንድ ሽማግሌ ዳቦ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ሰልፉ ስላልሄደለት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የትልቁን ሰውዬ፣ የአገሩን መሪ ሥዕል "አንተስ ዛሬ በላህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ከኋላው ያሉት ሰዎች ይስቃሉ። ሌላ ምንም የለም።

"ይቺ ናት?" አለ ኤሴንጉል።

"ይቺ ናት።"

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ ልጅቷ አቅፋው ወደ ጓዳ ገባች። ኤሴንጉል ትንሽ ቆይቶ ተነሣ፤ የጎረቤቱ የመስኖ ተራ ደርሷል፣ ውሃውን ማዞር አለበት። በሩ ላይ ዞር ብሎ ትመጣለህ ወይ አለው። ሳግንባይ ካፖርቱን ለበሰ፤ መጽሐፉን ዳቦው አጠገብ፣ ገጹ እንደተከፈተ ትቶት ተከተለው።